የሩቅ ዴስክቶፕ ሰርቨር አቅም ሲተመን የሚዘነጋው የኅትመት ጭነት

በርካታ ሠራተኞች በአንድ ሰርቨር ላይ በሩቅ ዴስክቶፕ እንዲሠሩ ሲታቀድ አስቀድሞ የሚሰላው ራምና ፕሮሰሰር ነው። ለምሳሌ 64 ጊጋባይት ራም ያለው ሰርቨር 4 ጊጋባይቱን ለራሱ ቢያስቀር፣ እያንዳንዱ ተጠቃሚም 1.5 ጊጋባይት ቢወስድ፣ 40 ሰዎችን ያስተናግዳል። ይህ ስሌት ግን ኅትመትን ከቁጥር አያስገባም።

ተጠቃሚው በአጠገቡ ባለው ፕሪንተር የሚያትመው ሰነድ ከሰርቨሩ የሚደርሰው የስክሪኑ ምስል በሚያልፍበት በዚያው ግንኙነት ነው። አንድ የኤ4 ገጽ በ600 ዲፒአይ ጥራት በጥቁርና ነጭ ወደ ምስል ሲለወጥ 35 ሚሊዮን ያህል ነጥቦች ይኖሩታል፤ ካልታመቀም ከ4 ሜጋባይት ይበልጣል። በዊንዶውስ ሰርቨር 2008 ነባሪ ቅንብር፣ ግንኙነቱ ሲጨናነቅ 70 በመቶው ለስክሪን፣ ቀሪው 30 በመቶ ለኅትመት፣ ለፋይል ቅጂና ለመሳሰሉት ይመደባል። በዚህ ድርሻ፣ በሰከንድ 2 ሜጋቢት በሚያስተላልፍ መስመር፣ ያ አንድ ገጽ ብቻ ወደ አንድ ደቂቃ ይፈጃል። ክፍፍሉ በአንድ ተጠቃሚ ግንኙነት ውስጥ ብቻ የሚሠራ በመሆኑም አንዱ የሚያትመው ሰነድ የጎረቤቱን ስክሪን ከመጎተት አያድንም። ሰርቨሩ ከቅርንጫፍ ቢሮው ፕሪንተር ጋር በአይፒ አድራሻ በቀጥታ ሲገናኝ ደግሞ ይህ ጥበቃ እንኳ አይኖርም።

በአማርኛ ሰነዶች ላይ ጉዳዩ ይከብዳል። በርካታ ፕሪንተሮች የላቲን ፊደላትን በውስጣቸው ይዘው ይመጣሉ፤ የግዕዝ ፊደል ግን ከሰነዱ ጋር አብሮ መላክ አለበት። ድራይቨሩ ገጹን በሙሉ ምስል አድርጎ የሚልክ ከሆነ የሁለት አንቀጽ ደብዳቤ ከፎቶግራፍ ያልተናነሰ ጭነት ይሆናል።

ሌላው አደጋ ስፑለሩ ነው። አገልግሎቱ የጋራ ስለሆነ ለአንድ ሰው የቤት ፕሪንተር ተብሎ የተጫነ ደካማ ድራይቨር ሲበላሽ የ40ውም ሰዎች ኅትመት ሊቆም ይችላል። በዊንዶውስ ሰርቨር 2008 የመጣው ኢዚ ፕሪንት ይህን ያቃልላል፤ ሰርቨሩ ሰነዱን በኤክስፒኤስ ቅርጽ ያዘጋጃል፣ ለፕሪንተሩ የሚስማማውን የመጨረሻ ቅርጽ የሚሰጠው ግን የተጠቃሚው ኮምፒውተር በራሱ ድራይቨር ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የተጋለጠው ፕሪንትናይትሜር የተባለው የስፑለር የደኅንነት ክፍተት፣ በሰርቨር ላይ ድራይቨር የሚጫንበት መንገድ ለብልሽት ብቻ ሳይሆን ለጥቃትም በር ሊከፍት እንደሚችል አሳይቷል። ሆኖም ኢዚ ፕሪንት ለሁሉም አይበጅም። ጥሬ ትእዛዝ የሚጠብቁ የደረሰኝና የባርኮድ ፕሪንተሮች ብዙውን ጊዜ የራሳቸውን ድራይቨር ይሻሉ፤ እነዚህን በተለየ ሰርቨር ላይ ማስቀመጥ ይመረጣል።

ስለዚህ የሙከራ ልኬት ጸጥ ባለ ቀን ሳይሆን ኅትመት በሚበዛበት ወቅት መካሄድ አለበት። በዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ይህ የሴሚስተር ማብቂያ ነው። ከ5 እስከ 10 ተጠቃሚዎች የተለመዱ ሰነዶቻቸውን ሲያትሙ የእያንዳንዱ የኅትመት ፋይል መጠን፣ በሰዓት የሚወጣው ገጽ ብዛትና ስክሪኑ ለቁልፍ ምት የሚመልስበት ፍጥነት ይመዘገባል። ሦስተኛው ልኬት መዘግየት በሚያሳይበት ነጥብ ላይ የተጠቃሚዎች ቁጥር ይገደባል፤ ራም ቢተርፍም።