የማታ ፎቶ ብዥ እንዳይል



እንደሚታወቀው ካርቱም ላይ ቀኑ ሐሩር ስለሆነ ሰው የሚሰበሰበው ማታ ነው። በዴምና በጅሬፍ እንኖር የነበርን ኢትዮጵያውያን ልደቱንም፣ ማኅበሩንም፣ የመንገደኛውን ሽኝትም የምናደርገው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በየሆሹ ነበር። መብራቱም በየጊዜው ይጠፋል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር አልበሙን ትቶ የወጣ ቤተሰብ ብዙ ነው፤ የቀረለት በስልኩ ውስጥ ያለው ብቻ ነው። ከእነዚያ ፎቶዎች መካከል የእናት ፊት ብዥ ብሎ ሲገኝ የሚሰማንን እናውቀዋለን።

እንዲህ የሚሆነው ለምንድን ነው? ካሜራ ዓይኑን ለጥቂት ጊዜ ገልጦ ብርሃን ይቀበልና ይከድናል። በቀን ፀሐይ 1/500ኛ ሰከንድ ይበቃዋል። በአንዲት አምፖል ወይም በፋኖስ ብርሃን ግን 1/15ኛ ሰከንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ የበለጠ ገልጦ መቆየት ግድ ይሆንበታል። በዚያች ቅጽበት እጃችን ቢንቀጠቀጥ መንቀጥቀጡም አብሮ ይነሣል። የፊልም ካሜራ ባለሙያዎች በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከ1/60ኛ ሰከንድ ለረዘመ ጊዜ በእጅ ይዞ ማንሣት አይታመንም ይሉ ነበር። የዛሬው ስልክ መንቀጥቀጥን የሚቀንስ ዘዴ ቢኖረውም ሕጉ ያው ነው።

ከመድኃኒቱ በፊት በሽታውን መለየት ያሻል። ፎቶው በሙሉ ወደ አንድ ወገን የተጎተተ ከመሰለ ጥፋቱ የእጅ ነው። ግድግዳውና ወንበሩ ጥርት ብለው ልጁ ብቻ ከተዘረጋ የተንቀሳቀሰው ልጁ ነው፤ ለዚህ እጅን ማጽናት አይረዳም። በመብራቱ ዙሪያ ጉም የመሰለ ነገር ከታየ ደግሞ ሌንሱ አቧራ ወይም የጣት ቅባት ይዟል፤ በንጹሕ ጨርቅ ይወልወል።

ከሁሉ የሚበልጠው ሰውየውን ወደ ብርሃን ማቅረብ ነው። ከፋኖሱ 2 ሜትር ርቆ የተቀመጠ ሰው 1 ሜትር ላይ ቢቀመጥ የሚያገኘው ብርሃን 4 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ 1/15ኛ ሰከንድ ይፈልግ የነበረው ፎቶ በ1/60ኛ ይነሣል ማለት ነው። ይህ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፤ ውድ ስልክ ከመመኘት ይሻላል እንላለን። መብራቱ ግን ከጀርባው ሳይሆን ከፊቱ ይሁን።

ቀጥሎ እጅን ማሳረፍ ነው። ስልኩን በሁለት እጅ ይዞ ክርንን ከጎን ማጣበቅ፣ ትከሻን ግድግዳ ላይ ማስደገፍ፣ ትንፋሽን ቀስ ብሎ አስወጥቶ መጫን ይጠቅማል። ጣት ሲጫን ራሱ ስልኩን ስለሚነቀንቅ የ3 ሰከንድ መቁጠሪያውን መጠቀም ይቻላል። በጣት ማጉላት መንቀጥቀጡንም ያጎላዋል፤ በእግር ጠጋ ማለት ይሻላል። የምሽት ማንሻ ያለው ስልክ ብዙ ፎቶ አከታትሎ አንሥቶ አንድ ስለሚያደርጋቸው ሰዎቹ ጥቂት ሰከንድ ጸጥ ይበሉ። ልጆችን በዚህ ማንሣት ግን ከንቱ ድካም ነው፤ ለእነሱ ፍላሹ ይሻላል፤ እሱም ከሁለትና ከሦስት ሜትር አያልፍም።

የስደተኛ መታወቂያ ወይም የትምህርት ማስረጃ ሲነሣ ፍላሽ አይብራ፤ በፕላስቲክ የተለበጠ ካርድ ያንጸባርቅና ቁጥሩን ይሸፍነዋል። ሁለት እኩል ቁመት ያላቸው ጣሳዎች አቁሞ ስልኩን በላያቸው ማጋደም፣ ካርዱን ከሥር ማስቀመጥ፣ መብራቱን ከጎን ማብራት ይበቃል።

ፎቶው እንደተነሣ አጉልተን ዓይኑ ላይ ወይም ቁጥሩ ላይ እንመልከት፤ ሰዎቹ ገና ሳይበተኑ።