እውነት ወይስ ተረት? «ከርነሉ ከተጨመቀ ራም ይተርፋል»

ለራውተሮች የሚዘጋጀው ሊኑክስ-ተኮር ሥርዓተ ክወና ኦፕን ደብሊውአርቲ በ2021 እ.ኤ.አ. 21.02 የተባለውን ዕትም ሲያወጣ ዝቅተኛውን መስፈርት ወደ 8 ሜጋባይት ፍላሽና 64 ሜጋባይት ራም ከፍ አደረገው። ከምክንያቶቹ አንዱ የሊኑክስ ከርነል እየገዘፈ መምጣቱ ነው። 4 ሜጋባይት ፍላሽና 32 ሜጋባይት ራም ብቻ ያላቸው፣ እንደ ቲፒ-ሊንክ 841ኤን ያሉ ራውተሮች በዚሁ ከመስመር ወጡ። ደህና የሚሠራ ዕቃ እንዲህ ሲቀር ያስቆጫል። ከርነሉን ማሳነስ ይቻላል፤ ስለ አሠራሩ ከሚወራው ግን ብዙው ውኃ አያነሳም።

«ከርነሉ በደንብ ከተጨመቀ ራም ይተርፋል» የሚለው ተረት ነው። መጨመቅ የሚያተርፈው የፍላሽ ቦታ ነው። መሣሪያው ሲነሳ የተጨመቀው ከርነል ራም ላይ ይፈታል፤ ከዚያ በኋላ የሚይዘው ሙሉ መጠኑን ነው። ኮዱን ከራም ማስወጣት ከተፈለገ ሳይጨመቅ «ኖር» በተባለው የፍላሽ ዓይነት ላይ አስቀምጦ ፕሮሰሰሩ ከዚያው እያነበበ እንዲያስኬደው ማድረግ አለ፤ ይህ ደግሞ ሰፋ ያለ ፍላሽ ይጠይቃል፣ ፍጥነትም ሊቀንስ ይችላል።

«ሊኑክስ ከ30 ሚሊዮን በላይ የኮድ መስመር ስላለው ትንሽ መሣሪያ አይችለውም» ማለትም ተረት ነው። አብዛኛው መስመር የድራይቨርና የልዩ ልዩ ፕሮሰሰሮች ኮድ ነው። ኮምፓይል ሲደረግ ያልተመረጠው አይገባም።

«ድራይቨሩን ሁሉ ሞጁል ማድረግ ራም ይቆጥባል» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። አልፎ አልፎ ለሚያስፈልገው ድራይቨር ይሠራል። ሁልጊዜ ለሚሠራው ግን ኪሳራ ነው፤ ሞጁል ቦታ የሚይዘው በሙሉ ገጽ፣ በ4 ኪሎባይት ልክ ስለሆነ ትርፍራፊው ይባክናል። ሞጁል የሚጭነው ኮድም የራሱ ቦታ አለው።

ከሁሉ የሚያሳስተው «የሚከብደው ኮዱ ነው» የሚለው እምነት ነው። ከርነሉ ሲነሳ ከሚጽፋቸው መስመሮች አንዱ ኮዱ፣ ዳታው፣ ለማስነሻ ብቻ የሚያገለግለው ክፍልና የተያዘው ቦታ ስንት ስንት ኪሎባይት እንደሆነ ለየብቻ ያሳያል። የማስነሻው ክፍል ሥራው ሲያልቅ ይለቀቃል፤ ስለዚህ እሱን ለማሳነስ መድከም ብዙም ትርጉም የለውም። በአንጻሩ ለእያንዳንዱ የራም ገጽ መዝገብ ይያዛል፤ ባለ32 ቢት መሣሪያ ላይ ይህ መዝገብ በአብዛኛው 32 ባይት ነው። 32 ሜጋባይት ራም 8,192 ገጽ ስላለው መዝገቡ ብቻ 256 ኪሎባይት ይወስዳል። የከርነሉ መልእክቶች የሚጠራቀሙበት ቋት ደግሞ በተለመደው ምርጫ 128 ኪሎባይት ነው፤ ወደ 4 ኪሎባይት ማውረድ ይቻላል። መልእክቶቹን ጨርሶ ማጥፋት የበለጠ ይቆጥባል፤ ግን መሣሪያው አንድ ቀን አልነሳ ሲል ምክንያቱን የሚናገር አይኖርም። እኔ ቋቱን አሳንሶ መልእክቶቹን መተው ይሻላል እላለሁ።

ነፃ ራም አነስ ብሎ ሲታይ «ከርነሉ በላው» ማለትም ልክ አይደለም። ከዲስክ ወይም ከፍላሽ የተነበቡ ፋይሎች ራም ላይ ይቆያሉ፤ ፕሮግራም ሲፈልገው ቦታው ይለቀቅለታል። ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ሜምኢንፎ» የተባለው ፋይል ነፃውን ብቻ ሳይሆን ሊገኝ የሚችለውንም በግምት ይነግራል። የከርነሉን ድርሻ ማወቅ የፈለገ እዚያው «ስላብ» እና «ከርነል ስታክ» የሚሉትን መስመሮች ይይ።

እንግዲህ ከርነል ልታሳንሱ የተነሳችሁ፣ አስቀድማችሁ እነዚህን ቁጥሮች መዝግቡ፤ አንድ አማራጭ አጥፉ፣ አስነሱት፣ እንደገና ለኩ። የደኅንነት መከላከያዎቹን ግን አትንኩ፤ ራውተሩ ኢንተርኔት ላይ የተጋለጠ ነው።