በሞጣ ውኃ በመቶ አይፈላም

በየትምህርት ቤቱ የሚታደለው የሳይንስ መጽሐፍ ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደሚፈላ ይናገራል፤ ነገር ግን የጮቄን ተራራ በስተደቡብ፣ የዓባይን ሸለቆ በስተሰሜን አድርጋ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ብላ በተቀመጠችው በሞጣ ከተማ አንድ መምህር እሳት አንድዶ፣ ድስት ጥዶ ቴርሞሜትሩን በውኃው ውስጥ ቢያቆም፣ ውኃው እየተንተከተከ ሳለ የሚያነበው ቁጥር ከ92 እምብዛም የማይርቅ ሆኖ ያገኘዋል። ማገዶ ቢጨምርበትም እንፋሎቱ ይበዛል እንጂ ቁጥሩ ከዚያ አያልፍም። በዚህ ጊዜ ከተማሪዎቹ አንዱ «መምህር፣ ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል» ማለቱ አይቀርም፤ ሌላው ደግሞ መጽሐፉን ላለማሳፈር ሲል በደብተሩ 100 ብሎ ይጽፋል። በክፍል ውስጥ የሚደረግ የውኃ ሙከራ ሁሉ ዋና ፍሬው፣ እኔ እንደማምነው፣ ይህ ልጅ ያየውን 92 ሳያፍር እንዲጽፍና ስለምን 92 እንደ ሆነ እንዲጠይቅ ማድረጉ ነው።

ምክንያቱ ረቂቅ ቢመስልም አስቸጋሪ አይደለም። ውኃ የሚፈላው ከውስጡ የሚነሣው እንፋሎት ከላይ የተጫነውን አየር ገፍቶ ለመውጣት የሚበቃ ኃይል ባገኘ ጊዜ ነው፤ በባሕር ዳርቻ የሚኖር ሰው የአየሩን ሸክም በሙሉ ሲሸከም፣ በሞጣ ከፍታ የሚኖረው ግን የሚሸከመው ከዚያ ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ ውኃው ከተባለለት ሙቀት ሳይደርስ ይፈላል። በግምት በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ዲግሪ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ያው ድስት በራስ ዳሸን ጫፍ ቢጣድ በ85 ገደማ ሲፈላ፣ ከባሕር ወለል በታች በሆነው በዳሎል ግን ከ100 ጥቂት ያልፋል። የደጋ እናቶችን የባቄላ ንፍሮ እሳት ላይ የሚያስመሻቸው ስለ ምን እንደ ሆነ ከዚህ ይታወቃል፤ ንፍሮውን የሚያበስለው የውኃው ሙቀት እንጂ መንተክተኩ አይደለምና።

ሌላው ሙከራ ቴርሞሜትር እንኳ አይሻም። ውኃ በጣሳ ሞልቶ፣ የልብስ መስፊያ መርፌ በስስ ወረቀት ላይ አጋድሞ በቀስታ ማኖር፣ ከዚያም ወረቀቱን በስንጥር ጫፍ እየገፉ ማስጠም ነው፤ ወረቀቱ ሲሰጥም መርፌው፣ ብረት ሆኖ ሳለ፣ በውኃው ላይ ተኝቶ ይቀራል። ጎንበስ ብሎ በአግድም የተመለከተ ተማሪ መርፌው የውኃውን ገጽ ጎድጎድ እንዳደረገው ያያል፤ የውኃ ቅንጣቶች እርስ በርሳቸው አጥብቀው ስለሚሳሳቡ ገጹ ክብደቱን ለመሸከም በቅቷል። አሁን አንዲት ጠብታ የሳሙና ውኃ በጣሳው ዳር ቢያንጠባጥቡ መርፌው ወዲያው ይሰጥማል። በመርፌ ፈንታ የደቀቀ በርበሬ ቢነሰነስ ደግሞ፣ ሳሙናው ጠብ ባለበት ቅጽበት በርበሬው ወደ ዳር ዳር ይሸሻል፤ ይህን ያየ ሕፃን ሳይስቅ የቀረ እንደ ሆነ ይገርመኛል።

ሳሙና ከሌለ እንዶድ አለ። በእንዶድ ፍሬ ውስጥ ያለው አረፋ ሰጪ ንጥረ ነገር የውኃውን ገጽ እንደ ሳሙና ያላላል፤ ከእድፉ ጋር የሚታገለውም በዚህ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ስለ ቢልሃርዝያ ሲመረምሩ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ ባለው ወንዝ ብዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው በማየታቸው፣ በሽታውን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንዶድ እንደሚገድል ደረሱበት፤ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋርም እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ልብስ አጣቢዎቹ ዘወትር ያዩት የነበረው ውኃ ነበር፤ እርሳቸው ግን ቆመው ጠየቁት።

በረዶ ለማግኘት የሞጣ ተማሪ ማቀዝቀዣ አያስፈልገውም፤ የክረምቱ ሰማይ ራሱ ይጥልለታል። ውኃ በብርጭቆ እስከ አፍ ገደፉ ተሞልቶ የበረዶ ጠጠር ቢንሳፈፍበት፣ በረዶው ሲቀልጥ ውኃው እንዳይፈስስ የሚሰጋ ብዙ ነው፤ አንዲት ጠብታ ግን አትፈስም። ውኃ ወደ በረዶ ሲለወጥ መጠኑ ከመቶ ዘጠኝ እጅ ያህል ስለሚጨምር ይቀልላል፤ ሲቀልጥ ደግሞ ቀድሞ ሰጥሞ የያዘውን ሥፍራ ብቻ ይሞላል። አብዛኛው ነገር ሲረጋ የሚጠብብ ሆኖ ሳለ ውኃ ይህን ሥርዓት መተላለፉ በብርዳም አገር ላሉ ዓሦች ሕይወት ነው፤ ሐይቁ ከላይ ወደ ታች ይረጋልና ከበረዶው በታች ይኖራሉ።

በዲማ ጊዮርጊስና በሌሎቹ የጎጃም አድባራት ጉባኤ የዘረጉ ሊቃውንት ሥነ ፍጥረትን ሲያስተምሩ ውኃን ከአራቱ ባሕርያት አንዱ አድርገው ብርድነቱንና ርጥበቱን ይቆጥሩለታል፤ የፈረንሳዩ ላቮአዚዬ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1783 ውኃ ከሁለት አየራት፣ ከሃይድሮጅንና ከኦክስጅን፣ የተገኘ መሆኑን አስረዳ። ሁለቱን እንደ ባላጋራ ማቆም አያሻም፤ የመጀመሪያው በስሜት ሕዋሳት የሚታወቀውን፣ ሁለተኛው የተሰወረውን ይናገራል። ብርድነቱን ለማየት ከተፈለገ ውኃን በሸክላ ገንቦና በቆርቆሮ ጣሳ ቀድቶ በጥላ ማሳደር ነው፤ ገንቦው በላቡ፣ ማለትም በገላው ሰርጎ በሚተነው ውኃ፣ ሙቀቱን እያስወገደ ይቀዘቅዛል፤ ይህም በደረቁ በየካቲት ይበረታል፣ አየሩ ርጥብ በሆነበት በሐምሌ ይደክማል።

እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በፕላዝማ ቴሌቪዥን የተላለፈው ትምህርት ሙከራዎችን በሚያምር ሥዕል አሳይቷል፤ ሆኖም መርፌውን ያንሳፈፈው የሌላ ሰው እጅ ነበር። የተማሪው የራሱ እጅ እንዲሞክር የሚሻ መምህር አንድ ቴርሞሜትር ይዞ ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ መንገደኛ ቢያገኝ፣ በዚያ በቆላው በ96 ወይም በ97 የሚፈላውን ውኃ ከሞጣው ጋር ሊያስተያይ ይችላል። የቴርሞሜትሩ ጫፍ የድስቱን ሥር እንዳይነካ መጠንቀቅ ይገባል፤ የተለካው የብረቱ ግለት ይሆናልና። ጨውም የመፍያውን ነጥብ ከፍ ስለሚያደርግ፣ ውኃው የዝናብ ውኃ ቢሆን ይመረጣል።