ከጃፓን የተመለሰች ማርቼዲስ

እዚህ ጀርመን በምሠራበት ጋራዥ ዋናው ሥራዬ ሰው ያገለገለ መኪና ከመግዛቱ በፊት መመርመር ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደንበኞቼ ከሚያሳዩኝ መካከል ከጃፓን የተመለሱ የጀርመን አውቶሞቢሎች በዝተዋል። ነገሩን ገና የሚሰማ ሰው ይገርመዋል። ሽቱትጋርት አካባቢ የተሠራች መኪና ጃፓን ሄዳ፣ ሠላሳ ዓመት ኖራ፣ በብሬመርሃፈን ወደብ በኩል ወደ ተሠራችበት አገር ትመለሳለች። ብዙ ጊዜም እዚሁ ከቀረችው እህቷ ይልቅ ላሜራዋ ንጹሕ ሆኖ ይገኛል።

ምክንያት አለው። በ1980ዎቹ መጨረሻ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጃፓን ውስጥ ገንዘብ ተትረፍርፎ ነበር። የዚያን ጊዜ ባለሀብት የጀርመን መኪና ሲያዝ መሪው በግራ እንዲሆንለት ይፈልግ ነበር። በአገሩ የሚነዳው በመንገዱ ግራ ስለሆነ የግራ መሪ ለአነዳድ አይመችም፤ ግን የክብር ምልክት ነበር። መኪናዋ ስታረጅ ደግሞ ወጪው ይመጣል። የቤንዚን መኪና 13 ዓመት ሲያልፋት የዓመት ግብሯ ይጨምራል፤ ሻኬን የሚሉት በየሁለት ዓመቱ የሚደረግ የግዴታ ምርመራም ኪስ የሚጎዳ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ገና ደህና ሳለች ለጨረታ ያቀርባታል፤ መሪዋ በግራ ነውና የአውሮፓ ገዢ ሳያቅማማ ይወስዳታል።

ደጋግሜ ስለምጠየቅባት ስለ አንዷ ላውራ፤ 500 ኢ ስለምትባለው ማርቼዲስ። ለሕዝብ የታየችው በ1990 በፓሪሱ የመኪና ትርኢት ነው። ከሩቅ ላያት ሰው በዚያ ዘመን የጀርመንን የታክሲ ሰልፍ ሞልታ ከነበረችው ማርቼዲስ ብዙም አትለይም። ኮፈኗ ሲከፈት ግን ከሌላዋ ማርቼዲስ ከ500 ኤስኤል የተወሰደው ባለ 8 ሲሊንደር፣ 5 ሊትር፣ 326 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ቦታውን ሞልቶት ይታያል። ከቆመችበት ተነሥታ በ6 ሰከንድ አካባቢ ውስጥ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ትደርሳለች፤ 250 ላይ ፍጥነቷ በኤሌክትሮኒክስ ይገታል። ያን ሁሉ ጉልበት ለመሸከም ጎኗ መስፋት ነበረበት። የሰፋው አካል በማርቼዲስ መደበኛ የማምረቻ መስመር ስለማያልፍ ሥራው በከፊል ለፖርሼ ተሰጠ። አካሏ ሱፈንሃውዘን በሚገኘው የፖርሼ ፋብሪካ ይገጣጠምና ለቀለም ዚንደልፊንገን ወዳለው የማርቼዲስ ፋብሪካ ይሄዳል፤ ሞተር ሊገባለት እንደገና ወደ ፖርሼ ይመለሳል። አንዷን ለመጨረስ 18 ቀን ይፈጅ ነበር። ምርቱ በ1995 እስኪቆም የተሠሩት 10,479 ብቻ ናቸው።

ይህ ታሪክ ምርመራዬ ውስጥ ይገባል። የፊት ፓራፋንጎዋ ሰፊ ስለሆነ የተራዋ ማርቼዲስ ፓራፋንጎ አይተካውም፤ አዲሱም ርካሽ አይደለም። ስለዚህ የተጋጨች 500 ኢ በስቱኮ ተደፍና መሸጧ የተለመደ ነው። የቀለም ውፍረት መለኪያዬን መጀመሪያ የማሳርፈው እዚያ ላይ ነው። የፋብሪካ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ያነባል። ከ300 ካለፈ ድጋሚ ተቀብቷል፤ ከሺህ ካለፈ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ አለ። ድጋሚ መቀባት ብቻውን ወንጀል አይደለም፤ ሻጩ ሳይናገር ሲቀር ግን ሌላውንም ነገር እጠራጠራለሁ።

አንድ ጡረታ የወጡ የፍራንክፈርት ታክሲ ነጂ ሁለት 500 ኢ መርጠው ማስታወቂያዎቹን ይዘው መጡ። እድሜያቸውን የጨረሱት ናፍጣዋን ማርቼዲስ ሲነዱ ነው፤ ይቺ ፈጣኗ እህቷ በጎናቸው ስታልፍ ያዩባት ቀን ከልባቸው አልወጣችም። አንዷ 38 ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ የሄደች ጥቁር ናት፤ ሌላዋ 143 ሺህ የሄደች ብርማ። ሁለቱም ከጃፓን መጥተው ጀርመን የደረሱ ናቸው፤ የዋጋቸው ልዩነት ግን ሌላ መኪና ይገዛል።

«ልጄ፣ ይቺ እኮ ምንም አልተነዳችም፤ አዲስ በላት» አሉኝ ጥቁሯን እያሳዩ።

«ጋሼ፣ እኔን ያሳሰበኝ አለመነዳቷ ነው» አልኳቸው።

በዚህ ሥራ አጥብቄ የምከራከርበት ነገር ቢኖር ይህ ነው። ሠላሳ ዓመት ለሞላት መኪና የኪሎ ሜትር ቁጥር ስለ ይዞታዋ የሚነግረን ጥቂት ነው። የቆመች መኪና አላረጀችም ማለት አይደለም። ጎሚኒዎቿ ይደርቃሉ፤ የፍሬን ዘይቱ እርጥበት ይስባል፤ ታንከሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ይበላሻል። የ500 ኢ የኋላ ከፍታ ራሱን የሚያስተካክለው በዘይትና በናይትሮጅን በተሞሉ ኳሶች ነው፤ ናይትሮጅኑ ደግሞ መኪናዋ ተነዳች አልተነዳች እየሾለከ ያልቃል። በደንብ ተያዘች የሚባለው አንድ ሰው በየጊዜው ገንዘብ ሲያወጣባት፣ ያረጀውን ሲቀይርላት፣ የሠራውንም ሲጽፍ ነው። ሽያጭ ቤቱ ውስጥ ቀለሟ ማብረቁ ከዚህ አንዱንም አያሳይም።

ከጃፓን የመጣች መኪና ትልቁ ጥቅሟ ደግሞ ወረቀቷ ነው። መጀመሪያ የምጠይቀው የጨረታ ቤቱን የምርመራ ወረቀት ነው፤ ቅጂውን ሳይሆን፣ ሻጩ አሳምሮ ያስተረጎመውንም ሳይሆን፣ የጃፓንኛውን ዋና። አናቱ ላይ አጠቃላይ ነጥብ አለ። 4 ደህና ነው፤ 4.5 በጣም ጥሩ ነው፤ አር የሚል ፊደል ካለ ተጋጭታ የተጠገነች ናት። ከታች የመኪናዋ ሥዕል ላይ ምልክቶች ተበትነዋል፤ ኤ ጭረት ነው፣ ዩ የተጎረበጠ፣ ደብልዩ የተጠገነ ላሜራ፣ ኤስ ዝገት፣ ሁለት ኤክስ ደግሞ የተቀየረ አካል። ሰው ሁሉ ነጥቡን አይቶ ያልፋል። እኔ የማስተረጉመው ጥጉ ላይ በእጅ የተጻፈውን የመርማሪውን አስተያየት ነው፤ ነጥቡ የማይነግረኝን የሚነግረኝ እሱ ነው። ቀጥሎ የሻኬን ሰነድ ይመጣል፤ በምርመራው ቀን የተነበበው ኪሎ ሜትር ስለሚሰፍርበት ቆጣሪ ወደኋላ የመለሰ ሰው እዚያ ይጋለጣል። ሦስተኛው የጥገና መዝገብ ነው፤ ጃፓኖቹ ኪሮኩቦ ይሉታል።

የጥቁሯ ነጥብ 4 ነበር፤ የእጅ ጽሑፉ ግን ለረጅም ጊዜ ቆማ እንደነበረችና አየር ማቀዝቀዣዋ እንደማይሠራ ይናገራል። የጥገና መዝገብ የላትም። ብርማዋ 3.5 ነው ያገኘችው፤ በሮቿ ላይ ጭረት፣ ወንበሯ ላይ የቆዳ መላላጥ አለ። ከእሷ ጋር የመጣው መዝገብ ግን ከመጀመሪያው ሰርቪስ ጀምሮ ማኅተም የተመታበት ወፍራም ደብተር ነበር።

ሁለቱንም ሻጮቹ ዘንድ ሄጄ አየኋቸው። በእነዚህ ማርቼዲሶች በ1990ዎቹ መጀመሪያና አጋማሽ የተገጠመው የሞተር ሽቦ ልባሱ ከሙቀት ጋር የሚበሰብስ ዓይነት ነው፤ የዚያን ዘመን ማርቼዲስ የሚጠግን ሁሉ ያውቀዋል። ጥቁሯ ላይ ወደ ስሮትል የሚገባውን ሶኬት ፈትቼ የውጭውን ላስቲክ በአውራ ጣቴ ቀስ ብዬ ወደኋላ ገፋሁት። ከሥሩ ያሉት ቀጫጭን ሽቦዎች ልባስ እንደ ድርቆሽ ተሰባብሮ እጄ ላይ ቀረ። መዳቡ ራቁቱን ነው። እንዲህ ያሉ ሁለት ሽቦዎች ሲነካኩ ሞተሩ መንገራገጭ ይጀምራል፤ ሲብስ የሞተሩን መቆጣጠሪያ ኮምፒዩተር ያቃጥላሉ። ሻጩ ሞተሩን አስነሥቶ ድምፁን አሰማኝ፤ ድምፁ ያማረ ነበር። ሽቦው ግን በዚያው ቀን ሊቃጠል የሚችል ሽቦ ነው፤ መኪናዋም 38 ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ የሄደች ናት።

ብርማዋ ላይ ያንኑ ላስቲክ ስገፋው ሽቦው ለስላሳ ነው፤ ሳጣጥፈው ይታዘዛል። የሽቦው እሽግ ላይ የተለጠፈችው ወረቀት መኪናዋ ከተሠራች ከብዙ ዓመት በኋላ ያለ ቀን ተጽፎባታል። ደብተሩን ገልጬ ሳይ ተቀየረ ተብሎ ሰፍሯል። መኪናና ወረቀት እንዲህ ሲስማሙ ማየት በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ የሚያስደስተኝ ነው።

ጃፓን ስለኖረች ብቻ አትዝግም የሚለውን ወሬ አትመኑ። ከቶኪዮ ወደ ደቡብ ያለው አገር መንገዱ ላይ ጨው አይበዛበትም። ሆካይዶና ሰሜኑ ግን በረዶው እንደ ጀርመን ነው፤ ባሕር ዳር የኖረችም ጨው አይቀርላትም። የት ተመዝግባ እንደኖረች ሰነዷ ላይ ስላለ አንብቡት። ከዚያ መኪናዋን አንሥታችሁ ከጎኗ ፕላስቲክ ሥር ያሉትን የክሪክ መግቢያዎች ክዳን ንቀሉና በጣታችሁ ዳስሱ። እዚህ ጀርመን የኖሩት ብዙ ጊዜ መበስበስ የሚጀምሩት እዚያ ነው። በሁለቱም መኪናዎች ቦታው ደረቅ ነበር።

ጃፓን ውስጥ በኋላ የሚጨመሩ ዕቃዎችም አሉ። ቴሌቪዥን ያለው የመንገድ መሪ፣ ማንቂያ ደወል፣ የፍጥነት መንገድ ክፍያ ማንበቢያ፤ እነዚህ ሁሉ ዳሽቦርዱ ሥር የፋብሪካውን ሽቦ ቆርጠው የተቀጠሉ ናቸው። ባትሪዋ ሌሊት የምትሞት ከሆነ ከዚያ ጀምሩ። የዚያ ዘመን የጃፓን ኤፍኤም ሬዲዮ ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርትዝ ብቻ ስለሚይዝ እዚህ ያሉትን ጣቢያዎች አብዛኞቹን አያገኝም። ዋናውን ሬዲዮ ግን አትጣሉት፤ ነገ ከእናንተ ለሚገዛት ሰው ዋጋ አለው።

ራሱ ከጃፓን ጨረታ ለሚገዛ ሰው የቀረጡ ነገር ወሳኝ ነው። አውሮፓ ኅብረትና ጃፓን በ2019 ሥራ ላይ የዋለ የንግድ ስምምነት ስላላቸው ቀረጥ የለም ብሎ የሚናገር ደላላ አይጠፋም። ስምምነቱ የሚሠራው ጃፓን ውስጥ ለተመረተ ዕቃ ነው፤ 500 ኢ ደግሞ ጀርመን የተሠራች ናት። በመደበኛው መንገድ 10 በመቶ ቀረጥና 19 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ይከፈላል። 30 ዓመት የሞላት፣ በተሠራችበት ይዞታ ያለች መኪና ግን የሰብሳቢዎች ዕቃ ተብላ ያለ ቀረጥ በ7 በመቶ ታክስ ልትገባ ትችላለች። ሞተሯ፣ ፍሬኗ ወይም መሪዋ ከተለወጠ ይህ መብት ይወድቃል። ስለዚህ ሻጭ ተሻሽሏል እያለ የሚያሞግሰው ነገር ጉምሩክ ላይ ዕዳ ሊሆን ይችላል። በቻንሲ ቁጥሯ የሚገኘውን የፋብሪካ መረጃ ካርድም አስመጡ፤ ስትወጣ ምን እንደተገጠመላት አንድ በአንድ ይዘረዝራል።

ጋሼ መጨረሻ ላይ የጠየቁኝ ሌላ ነበር። «እኔ ስደክም አዲስ አበባ ልወስዳት እችላለሁ?» አሉ። የኢትዮጵያ መንግሥት ከ2024 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ስለከለከለ፣ ደንቡ ካልተለወጠ እንደማይቻል ነገርኳቸው። ዝም ብለው ትንሽ ቆዩና «እንግዲህ እዚሁ እነዳታለሁ» አሉ።

ብርማዋን ገዙ። ከዋጋው ልዩነት ላይ የተወሰነውን ለጥገና እንዲያስቀምጡ ተስማማን። ጎማዎቿ መልካቸው ደህና ነበር፤ ጎናቸው ላይ ያሉት አራት አኃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ሲነግሩን ግን ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበርና መጀመሪያ እነሱ ተቀየሩ። ቀጥሎ የፍሬኑና የካምቢዮው ዘይት፣ ከዚያ የደረቁት የነዳጅ ቱቦዎች። ኪሮኩቦው መጨረሻ ላይ ባዶ ገጾች ስለነበሩ የሠራሁትን በአማርኛ እንድጽፍበት ጠየቁኝ፤ ጽፌበታለሁ። የቀሩን የኋላ የናይትሮጅን ኳሶቿ ናቸው፤ አዲሶቹ ታዝዘዋል።