ያውቁ ኖሯል? ወንዙ ጥርስ ላይ የተወው ምልክት

በሩሲያ፣ ከኡራል ተራሮች በስተ ምሥራቅ የሚፈሰው የቴቻ ወንዝ ከ1949 እስከ 1956 (እ.ኤ.አ.) የማያክ ፋብሪካ ፍሳሽ መጣያ ነበር። ፋብሪካው ለሶቭየት ኅብረት ቦምብ የሚሆን ፕሉቶኒየም ያመርት ነበር፤ ወደ ወንዙ የለቀቀው ጨረር አመንጪ ፍሳሽ 76 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይገመታል። የወንዙ ዳር መንደሮች ሰዎች ውኃውን ይጠጡ፣ ከብት ያጠጡበት፣ ዓሣ ያሰግሩበት ነበር። ማን ይንገራቸው? ቦምቡ ምስጢር ነዋ!

ከፍሳሹ ውስጥ ክፉው ስትሮንሺየም-90 ነው። ሰውነት እንደ ካልሲየም ስለሚቆጥረው አጥንትና ጥርስ ውስጥ ይከትተዋል፤ ግማሹ እስኪከስም ብቻ 29 ዓመት ገደማ ይወስዳል። ተመራማሪዎች ታዲያ የነዋሪዎቹን የፊት ጥርስ ሳይነቅሉ፣ መለኪያ አስጠግተው ለኩት። ጥርሳቸው በሚሠራበት የልጅነት ዕድሜ ውኃውን የጠጡት ላይ መጠኑ ከፍ ብሎ ተገኘ።

30,000 ገደማ ሰዎችን ለአሥርት ዓመታት የተከታተለው ጥናት እንደሚያሳየው፣ የጨረሩ መጠን በጨመረ ቁጥር የካንሰር አደጋውም ይጨምራል። ጭማሪው ግን ብዙዎች እንደሚፈሩት አይደለም፦ በዕጢ ካንሰር ከሞቱት 100 ነዋሪዎች በጨረሩ ሰበብ የሞቱት 2 ወይም 3 ቢሆኑ ነው። የደም ካንሰር ነገር ሌላ ነው፤ እዚያ የጨረሩ ድርሻ ግማሽ ገደማ ይደርሳል። የትኛው ሕመምተኛ በወንዙ ሳቢያ እንደታመመ ግን ሐኪም ለይቶ ሊናገር አይችልም።

ከወንዙ ዳር ያለችው የሙስሊዩሞቮ መንደር ነዋሪዎች ሌላ ቦታ መስፈር የጀመሩት ከ2006 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ነው።