63403፦ የጎሬ ዝናብ ክላውድ ላይ ከመውጣቱ በፊት

63403 የጎሬ ሚቲዎሮሎጂ ጣቢያ ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር ነው። የጅማው 63402 ነው፤ ጎሬ ቀጥላ ትመጣለች። ጎሬ ያለችበት ኢሉባቦር ክፍለ ሀገር ነበር፣ ዞን ሆነ፣ ቡኖ በደሌም ተለይቶ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ርዕሰ ከተማነቱ ከጎሬ ወደ መቱ ተዛወረ። የጣቢያው ቁጥር ግን ከአስተዳደር ወሰን ጋር አብሮ አይለዋወጥም። መረጃን ለረጅም ጊዜ ማቆየት የሚፈልግ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚይዘው እንዲህ ያለውን ቁጥር ነው።

ቁጥሩ ተሸክሞ የሚሄደው ነገር ቀላል አይደለም። ጎሬ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ የምታገኝ የወይና ደጋ ከተማ ናት። የባሮ ገባሮች ከዚህ አካባቢ ይነሳሉ። የጉማሮ ሻይም ሆነ የያዩ ደን ቡና የሚኖሩት በዚሁ ዝናብ ነው። ስለዚህ ከጎሬ የወጣ አንድ የተሳሳተ የዝናብ ቁጥር ጋምቤላ ስለሚደርሰው ጎርፍም፣ ስለ ቡናው አበባም የተሳሳተ ነገር ሊያስወራ ይችላል።

የጣቢያው ሪፖርት ዛሬ ለማንም ክፍት በሆነ መንገድ ክላውድ ላይ ይገኛል። የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር፣ በምህጻሩ ኖኣ፣ ከዓለም ጣቢያዎች የደረሰውን መልእክት አጠቃሎ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ መስመር አድርጎ አስቀምጧል። ጎሬ በዚያ 634030 ተብላ ተመዝግባለች፤ ያው ቁጥር መጨረሻው ላይ ዜሮ ተጨምሮበት። ስብስቡ ጉግል ቢግኩዌሪ በተባለው የክላውድ ዳታቤዝ ውስጥም ስላለ የመቱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪም ሆነ ጀርመን የተቀመጠ ቡና ገዢ በጥቂት መስመር ትእዛዝ ሊጠይቀው ይችላል። ችግሩ የሚጀምረው ጥሬውን እንዳለ ወደ መተንተኛ ፕሮግራም የጫኑት ጊዜ ነው። መፍትሔው ቪው ነው።

ዳታቤዝ ውስጥ መረጃ የሚቀመጠው በሠንጠረዥ ነው። ቪው ግን የራሱ መረጃ የለውም፤ ስም ተሰጥቶት የተቀመጠ ጥያቄ ነው። ፓወር ቢ.አይም ሆነ ሌላ ፕሮግራም በስሙ በጠራው ቁጥር ጥያቄው ይሠራና መልሱ ሠንጠረዥ መስሎ ይቀርባል። ጥሬው መረጃ አይነካም። ቁጥሮቹ ምን ማለት እንደሆኑ የሚያውቅ ሰው እውቀቱን አንድ ጊዜ እዚያ ላይ ይጽፈዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሁሉ እየገመተ አይሠራም።

የጎሬን መረጃ እንውሰድ። የኖኣ ሙቀት በፋራናይት፣ ዝናቡ በኢንች ነው። ሙቀት ያልተላከበት ቀን 9999.9፣ ዝናብ የጎደለበት ቀን 99.99 ተብሎ ይሞላል። አማካይ ሙቀቱ 65 ፋራናይት በሆነ ባለ 30 ቀን ወር ውስጥ አንድ እንዲህ ያለ ቀን ቢገባ የወሩ አማካይ ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል። 99.99 ኢንችም ወደ 2,540 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጎሬ በዓመት ከምታገኘው የሚበልጥ ዝናብ በአንድ ቀን ዘነበ ማለት ይሆናል። ቪው እነዚህን ቁጥሮች ወደ ነል፣ ማለትም ወደ ባዶ ይለውጣል፣ የቀረውን ወደ ሴንቲግሬድና ሚሊ ሜትር ያዞራል። የዳታቤዝ አማካይ ነልን ስለሚዘል ስሌቱ ይስተካከላል።

እንዲህ ያለው ስህተት ግን ራሱን ያጋልጣል፤ ግራፉን ያየ ሁሉ ይደነግጣል። እኔን የሚያሳስበኝ ድምፅ የሌለው ነው። ከዝናቡ ዓምድ አጠገብ አንድ ፊደል ብቻ የሚይዝ ዓምድ አለ። እዚያ ላይ “አይ” የተባለው የእንግሊዝኛ ፊደል ካለ፣ በዝናቡ ዓምድ ላይ ያለው 0.00 ደረቅ ቀን ነበር ማለት አይደለም። ጣቢያው በዚያ ቀን ስለ ዝናብ ምንም ሪፖርት አላደረገም፤ ዘንቦ ሊሆንም ይችላል። ይህን ፊደል ሳያይ ዜሮውን የደመረ ተንታኝ በክረምት መሃል ጎሬ ላይ ድርቅ ያገኛል። ግራፉም ንጹሕ ሆኖ ይታየዋል። ስለዚህ ቪው ይህንንም ዜሮ ነል ማድረግ አለበት። ይህ ብቻም አይበቃም፤ ድምር ነልን ሲዘል ወሩ ያነሰ ዝናብ ያገኘ ይመስላል። ከወሩ ድምር ጎን ስንት ቀን በትክክል እንደተለካ የሚናገር ዓምድ አብሮ ካልሄደ ድምሩን ለማንም ባልሰጥ እመርጣለሁ።

ቀጥሎ ቀንና ሰዓት አለ፤ ይህ የኛው ጉዳይ ነው። የዝናብ መለኪያው የሚነበበው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ነው። ያው ቅጽበት በኮምፒውተሩ ሰዓት 9፣ በዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት ደግሞ 6 ነው። ሐምሌ 12 ጠዋት የተነበበው ውሃ ካለፈው ቀን ጠዋት 3 ሰዓት ጀምሮ የተጠራቀመ ስለሆነ አብዛኛው ጊዜው የሐምሌ 11 ነው። ቪው የንባቡን ቀንና ዝናቡ የሚቆጠርበትን ቀን ለየብቻ ማውጣት አለበት፤ አለዚያ ከጎርፍ መረጃ ጋር ሲነጻጸር አንድ ቀን ይዛነፋል።

የዘመን አቆጣጠሩ ከዚህም ይብሳል። መስሪያ ቤት ውስጥ በኢትዮጵያ ቀን የተሞላ ዓምድ እንዳለ ወደ ክላውድ ቢላክ፣ ጳጉሜ 3 ቀን 2017 “2017-13-03” ሆኖ ይሄዳል፤ አስራ ሦስተኛ ወር የማያውቀው ሥርዓት ይመልሰዋል። መመለሱ ደግ ነው። መስከረም 15 ቀን 2017 ግን “2017-01-15” ሆኖ ይሄድና ያለ ምንም ተቃውሞ ይገባል። ክላውዱ ጃንዋሪ 15 ቀን 2017 ብሎ ይይዘዋል፤ እውነተኛው ቀን ግን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 25 ቀን 2024 ነበር። የመስከረም ዝናብ በጋ ውስጥ ገባ፣ ዓመቱም ከሰባት በላይ ወደ ኋላ ሄደ። እዚህ ላይ መደራደር የለብንም። የቀን ዓይነት ያለው ዓምድ በጎርጎርዮስ ይሁን፤ የኢትዮጵያው ዓመት፣ ወርና ቀን አጠገቡ በየራሳቸው ዓምድ ይቀመጡ። ሰዎቻችን የሚያነቡት ሪፖርት በነሐሴና በመስከረም መጠራት ስላለበት እነዚህን ዓምዶች መጣልም አይገባም።

ስምም እንደ ቀን ያሳስታል። ጎሬ በአማርኛ አንድ ዓይነት፣ በቁቤ ሌላ፣ በእንግሊዝኛ ሰነድ ደግሞ ሌላ ዓይነት ትጻፋለች። ኒውዚላንድም ቻድም ውስጥ ጎሬ ተብሎ የሚጻፍ ከተማ አለ፤ ከዳካር ፊት ለፊትም የጎሬ ደሴት አለች። የከተማ ስም ተቀብሎ ካርታ ላይ የሚያስቀምጥ መሣሪያ የኢሉባቦሩን ዝናብ ሌላ አህጉር ላይ ሊያሳርፈው ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቪው ከስሙ ጋር የጣቢያውን ቁጥርና መገኛውን፣ ወደ 8.15 ሰሜንና 35.53 ምሥራቅ፣ ይላክ።

የቀረው የቤት ሥርዓት ነው። የዓምድ ስሞች አጭር፣ በላቲን ፊደል፣ ክፍተት የሌላቸው ይሁኑ፤ ይህን ሁሉም ተቀባይ ይቀበለዋል። የጣቢያ ቁጥርና ቀን አንድ ላይ ሆነው አንድን መስመር ብቻ ያመልክቱ። አዲስ ዓምድ ሲያስፈልግ መጨረሻ ላይ ይጨመር፤ የነበረው አይቀያየር። ፖስትግረስ የተባለው ዳታቤዝ ይህን በግዴታ ያስከብራል፤ ነባር ቪው ሲተካ የቀድሞዎቹ ዓምዶች ስምና ዓይነታቸው በዚያው ቅደም ተከተል ካልቀጠሉ አይቀበልም። ቢግኩዌሪ ላይ ደግሞ ክፍያው ብዙ ጊዜ በተነበበው መረጃ መጠን ስለሚታሰብ፣ እንዲሁም የኖኣው ስብስብ በየዓመቱ አንድ ሠንጠረዥ ስለሆነ፣ ቪው የሚፈለጉትን ዓመታትና ዓምዶች ብቻ ይጥራ።

ቪው ተሠርቶ ሲያልቅ ዳሽቦርድ ከመሳል በፊት ነሐሴን አውጥቶ ማየት ይበጃል። ጎሬ ላይ ነሐሴ ሙሉውን ደረቅ ሆኖ አያውቅም። አንድ ዓመት ላይ ነሐሴ ዜሮ ወይም ባዶ ካሳየ የተለኩትን ቀናት ዓምድ መመልከት ነው። እዚያ ዜሮ ካለ መረጃው አልደረሰም ማለት ነው። ሠላሳ ካለ ግን ስህተቱ ቪው ውስጥ ነው፤ “አይ” የተባለችው ፊደል ሳትጣራ አልፋለች።