ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ጌም ቤት?

አንባቢዎች ሆይ፣ ከትምህርት ቤት ወይም ከቢሮ ወደ ጀሞ፣ ወደ ለቡ ወይም ወደ መካኒሳ ስትመለሱ አንድ ነገር ልብ በሉ። በመንገዱ ዳር ካሉት ጠባብ ክፍሎች ጩኸት ይሰማል፤ ይኸውም የፕሌይስቴሽን ቤት ነው። ጎረምሶች በአግዳሚ ወንበር ተደርድረው የኳስ ጨዋታ ይጫወታሉ፤ የተሸነፈው ይከፍላል፣ ያሸነፈው ከወንበሩ አይነሣም። ከመካከላቸው ስንት ልጃገረድ ትቈጥራላችሁ? አብዛኛውን ጊዜ አንዲትም አታገኙም።

ምክንያቱን ብትጠይቁ «ሴት ልጅ ጌም አትወድም» ይሏችኋል። ይህ ግን እውነት አይደለም። ልጃገረዲቱ በእጅ ስልኳ ትጫወታለች፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ በወንድ ስም ተሸሽጋ፣ ማይክሮፎኗን ዘግታ ነው። ድምፅዋ የተሰማ እንደሆነ፣ ወይም ጨዋታዋን በቲክቶክና በቴሌግራም ያሳየች እንደሆነ የሚጠብቃትን ታውቀዋለች። አንዱ «ሂጂ ወጥሽን ሥሪ» ይላታል፤ ሁለተኛው ስለ መልኳ ያወራል፤ ሦስተኛው «ወንድምሽ ነው የተጫወተልሽ» ብሎ ድሏን ይነጥቃታል፤ አራተኛው ለመጻፍ የሚያሳፍር ነገር ይልክላታል። «ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ችሎት» የሚለው ያረጀ አባባል ልብሱን ለውጦ መጣ ማለት ነው።

«የሴት እጅና ዐይን ለዚህ አይፈጥንም» የሚሉም አሉ። እነዚህ ሰዎች እኅቶቻቸው ቅልሞሽ ሲጫወቱ አላዩም ይሆናል። አንዷን ጠጠር ወደ ላይ ወርውሮ፣ ሳትወድቅ ሌሎቹን ከመሬት ለቅሞ መልሶ መቅለብ የእጅና የዐይን ፍጥነት ካልሆነ ምን ይባላል? ደግሞም በኅዳር 2008 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ወደ ባንኮክ ሲበር ካፒቴኗም ረዳቷም አስተናጋጆቹም ሴቶች ነበሩ። ጨዋታውን ራሱን የሠሩ ሴቶችም አሉ፤ አሜሪካዊቷ ካሮል ሾው እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣውን «ሪቨር ሬይድ» የተባለ የአውሮፕላን ጨዋታ ንድፉንም ፕሮግራሙንም ሠርታለች።

ነገሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 «ጌመርጌት» በተባለው ዘመቻ ጨዋታ የሚሠሩና ስለ ጨዋታ የሚተቹ ሴቶች የሞት ዛቻ ዘነበባቸው። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር አኒታ ሳርኪዥያን የተባለችው ተቺ በአሜሪካ በዩታ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ልታደርገው የነበረው ንግግር በግድያ ዛቻ ምክንያት ተሰረዘ። በተከታዩ ዓመት «ፊፋ 16» የ12 አገሮችን የሴቶች ብሔራዊ ቡድኖች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያስገባ የብዙ ወንዶች መልስ ፌዝ ነበር። መሣሪያ መግዛትና መሠልጠን ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ እንረዳለን።

«ጨዋታ ነው፤ ምን ይጐዳል?» ትሉ ይሆናል። ጨዋታ ግን ዛሬ እንጀራ ነው። በከተማችን ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት «ኩኩሉ»ንና «ገበታ»ን የመሳሰሉ የስልክ ጨዋታዎች ሠርቷል። ከመጫወት ተነሥቶ ፕሮግራም ወደ መጻፍ የሚደርስ ወጣት ብዙ ነው። በስድብ ብዛት ጨዋታውን የተወች ልጅ ከዚህ ሥራ በር ላይ ተመለሰች ማለት ነው። በሩን የዘጋባትም ሕግ አይደለም። ሕጉማ ከእርስዋ ጋር ነው፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ዛቻንና ማስፈራራትን ይቀጣል፤ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ በፆታ ላይ የተመሠረተ የጥላቻ ንግግርን ይከለክላል።

ከእናንተ አብዛኞቹ ተሳዳቢዎች አይደላችሁም። ነገር ግን ስድቡን አይቶ የሳቀ፣ ላይክ ያደረገ፣ ለጓደኛው ያስተላለፈ ከመካከላችሁ የለምን? ተሳዳቢው የሚጽፈው ለልጅቷ ብቻ ሳይሆን ለእናንተ ጭምር ነው፤ ተመልካች ያጣ ፌዘኛ ቶሎ ይደክመዋል።

የቀድሞ ሰዎች ያለ ሽቦ ቃል የሚያስተላልፈውን መሣሪያ «ንፋስ ስልክ» አሉት፤ ክፍለ ከተማችንም ስሙን ከዚያ ወረሰ። ዛሬ ያ መሣሪያ በየኪሳችን አለ፤ የምንልክበትን ቃል የምንመርጠው ግን እኛው ነን። እንግዲህ አንዲት ልጅ ግብ ስታገባ ብታዩ፣ ለወንዱ እንደምትሉት «ጎበዝ!» በሏት። ሲገባባትም እንደ ወንዱ ቀልዱባት፤ ወደ ማጀት ግን አትስደዷት።